ከል ለብሶ ሽርሽር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

አልሄድም አልሁ። ደግሜም አልሁ። ማንም አልሰማኝም።

ነገሩ የመጣው ከባለቤቴ ከአቶ ጥላሁን መሥሪያ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡት ሹም በየቅዳሜው ሚስታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ውሻቸውን በላንድሮቨር ጭነው ወንዝ ዳር ይወጣሉ። ሽርሽር ይባላል። አቶ ጥላሁን ይህን ካዩ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። እኛም ቅዳሜ ቡሬ እንሄዳለን። እህታቸው ዘንድ እናድራለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፈጠም ወንዝ ዳር ሣር ላይ ተቀምጠን እንበላለን፣ ማታ እንመለሳለን።

«ሣር ላይ ተቀምጦ መብላት ምን ይጠቅማል?» አልኋቸው።

«አየር ትቀይሪያለሽ።»

«የቡሬ አየር ከእኛው አየር በምን ይለያል?»

«ሐኪሙም ብሏል» አሉ። ሐኪሙ ያለው እንቅልፍ ተኚ ነው እንጂ ቡሬ ሂጂ አላለም።

ልጄ ደምሴ በግንቦት ከሞተብኝ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከመቃብሩ በቀር የትም አልሄድሁም። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወባ ነው የወሰደው። ስለዚህ ነገር ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሴቶቹ ልጆቼ ግን ዘለሉ። ትልቋ ብርቄ ናት፣ ትንሿ እናኑ። እናኑ «መብረቅም ይሄዳል?» አለች። መብረቅ የደምሴ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣለት እሱ ነው እንጂ እንኳን እንደ መብረቅ ሊሮጥ፣ ተነሥቶ ለመቆምም ያስባል። አባትየው «ይሄዳል እንጂ!» ሲሉ ገረመኝ። ውሻውን አይወዱትም። ልጆቹ ሲወጡ ምስጢሩ ወጣ።

«እዚያው እህቴ ዘነቡ ግቢ ብንተወው ምን ይመስልሻል? ሰፊ ግቢ ነው።»

ለዚህ ነው እንግዲህ ሽርሽሩ።

ምክንያት አላቸው። ውሻው ደምሴ ከሞተ ወዲህ በር ላይ ተጋድሞ ከሴት በቀር ሰው አላስገባም ብሏል። የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ ጸበል ሊረጩ መጥተው የበርኖሳቸውን ጫፍ ይዞባቸው ተመልሰዋል። ጎረቤት ይከሰናል። በከተማው ከደጅ የተገኘ ውሻ ሁሉ በመርዝ ሊገደል ነው የሚል ወሬም አለ። ሁሉም እውነት ነው። እውነት በመሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

«አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ የሚመለስ ከሆነ እሄዳለሁ። አለዚያ ሽርሽሩን ከሹሙ ጋር ይውጡ» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ዝምታቸውን እኔ እሺ እንዳሉ፣ እሳቸው እምቢ እንዳሉ ቆጥረነው አደርን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

የሚያዘው፦

ድፎ ዳቦ። ዶሮ ወጥ በክዳን ድስት። ጠላ በቅል። ለእትዬ ዘነቡ ማር። ለአራታችን ጋቢ። የእናኑ ቅያሪ ቀሚስ፣ ሁለት፣ ምክንያቱም እናኑ ናት። ለመብረቅ ገመድ።

ለአንድ አዳር ይህ ሁሉ! ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቢበላ ምን ይጎድለዋል?

ጎረቤቴ ወይዘሮ ስንዱ ሰምታ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም፣ እናኑ ትሆናለች።

«ከል ለብሰሽ ሽርሽር?» አለችኝ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ማለት አንቺ ነሽ። ይኸው አልሽ።»

ተቆጥታ ወጣች። ወዲያው ደግሞ አንገቷን በበሩ አስገባች። «ካልቀረልሽ ግን የቡሬ በርበሬ አምጭልኝ። ዛላው ረጅም ረጅሙን።»

እስከ ማታ ሌሎችም መጡ። እያንዳንዷ መጀመሪያ ትወቅሰኛለች፣ ቀጥላ በርበሬ ታዝዘኛለች።

አቶ ጥላሁን ነጭ ልበሽ አሉኝ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ከሌን አላወጣም አልኋቸው። «እንግዲያስ ምኑን ሽርሽር ሆነ!» ብለው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ለእህታቸው «ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዤ እመጣለሁ» ብለው በሰው ልከውባታል። ስለዚህ መቅረት የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብዬ ሄጄ አባ ገብሬን አገኘኋቸው። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር፣ እንዲያውም እንዲከለክሉኝ ነበር የሄድሁት።

«አባቴ፣ ሐዘን ላይ ያለች እናት እንዲህ ያለ ነገር ይገባታል?»

«የት ነው?»

«ቡሬ።»

«ውሻውስ?»

«አብሮን ይሄዳል።»

«ሂጂ፣ ልጄ፣ ሂጂ!» አሉኝ፣ መስቀላቸውን እያሳለሙኝ። «አብርሃምም ከነቤተሰቡ ከነከብቱ ወጥቷል። ቶሎ ሂጂ።»

ከማን ጋር ልምከር? ሁሉም የሚመክሩኝ ለራሳቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ መብረቅን ገመድ ልናለማምድ ሞከርን። ደምሴ አስሮት አያውቅም። ገመዱ አንገቱ ላይ ሲገባ ተኛ። ስንጎትተው ተኝቶ ተጎተተ። ብርቄ ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል በመስኮት ወይዘሮ ስንዱ ስታየን አየሁና ተውሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት። ጾም ነው፣ የምሠራው ግን የፍስክ ወጥ ነው። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ቅቤውን ጨመርሁ፣ መቅመስ የለም። በመዓዛው ብቻ ነው የምገምተው። ጨው በእፍኜ ለክቼ ጨመርሁና ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

አቶ ጥላሁን ማታ ስለ ውሻው እንደገና ጀመሩ። «ዘነቡ በጎች አሏት። ሥራ ያገኛል።»

«መብረቅ በግ ቢያይ የሚሸሸው መብረቅ ነው» አልኋቸው።

«የውብዳር፣ ውሻ እኮ ነው።»

«ውሻ መሆኑን አላጣሁትም።»

የእሳቸውም ልጅ ነው የሞተው። ይህን እረሳዋለሁ አንዳንድ ጊዜ። ከሞተ ወዲህ ስሙን በዚህ ቤት ጠርተው አያውቁም። ውሻውን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ደግሞ ውሻውን ካላየሁ ቀኑ አይመሽልኝም። እንግዲህ ምን ይደረጋል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14፣ ቡሬ

ጓዳ ተደብቄ ነው የምጽፈው። ሁሉንም በተራ ልጻፍ።

አቶ ጥላሁን በስድስት ሰዓት ከሥራ ወጡ። አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ መብረቅን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ ውሻ አይጫንም።»

«በግ ላይ ጭነህ የለም እንዴ?» አሉ አቶ ጥላሁን ወደ ጣራው እያሳዩ።

«በግ ይታረዳላ!»

«ይህ ሕግ የት ነው የተጻፈው?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ይግቡ፣ እሱ ይቅር።»

እኔ ውሻውን አቅፌ መሬት ቁጭ አልሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ከልና ውሻ! አንድ በርበሬ ነጋዴ፣ ሽማግሌ እስላም፣ በመስኮት ብቅ ብለው «ኧረ እናትየዋን አታስለቅሷት፣ ጣራ ላይ አውጡት! ብቻ ከእኔ ጆንያ ራቅ ይበል» አሉ። እግዜር ይስጣቸው። መብረቅ ከበጎቹ መካከል ታስሮ ሄደ። ማንኩሳ ላይ ቆመን ሳየው ከአንዱ በግ ጋር ተደጋግፈው ተኝተዋል።

ቡሬ ስንደርስ አቶ ጥላሁን ደስ ብሏቸዋል። ዳቦውን ተሸክመው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። የእህታቸው ግቢ ጥግ ስንደርስ ግን ቆሙ።

ድንኳን ተተክሏል። ሰው ግቢውን ሞልቶታል። እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወንድሜ! ወይ ወንድሜ!» እያለች ደረቷን እየመታች ወጣች።

በግንቦት የመርዶው ወሬ ቡሬ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነበር። ከዘመድ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነው የመጣው፣ ሌላው ልቅሶ አልደረሰም። አሁን አባትየው «ቤተሰቡን ይዤ እመጣለሁ» ብለው ሲልኩ፣ ዘመድ ሁሉ ለምን እንደምንመጣ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ያልተለቀሰ ልቅሶ አለ፣ እኛም መጣን። እኔ ደግሞ ከል ለብሻለሁ።

አቶ ጥላሁን ዳቦውን እንደያዙ «እኛ እኮ ለሽርሽር…» አሉ። ማን ይሰማል? ዳቦውን ተቀብለዋቸው ለልቅሶው ቤት አስገቡት።

አልቃሽ አምጥተዋል። ስለ ደምሴ ጠይቃ ተዘጋጅታለች። መብረቅ ገመዱን እየጎተተ መጥቶ እግሬ ሥር ሲጋደም አየችው፣ ማን እንደሆነም አንዲቱ ሹክ አለቻት።

«አንተ ውሻ መብረቅ፣ ዛሬ ለምን መጣህ፣
ጌታህን የት ጥለህ፣ እናቱን አመጣህ።»

ግቢው ተናወጠ። እኔም አለቀስሁ። አቶ ጥላሁንም አለቀሱ፣ በግንቦት እንኳ እንዲህ አላለቀሱም። «ደምሴ! ደምስዬ!» አሉ። ስሙን ከአፋቸው ሰማሁት።

ሽርሽር ማለት ይህ ነው እንግዲህ።

እሑድ፣ ጥቅምት 15፣ ማታ፣ ቤቴ

ፈጠምን አላየሁትም። ከቅዳሴ በኋላ ቅዳሜ ያልደረሱ ለቀስተኞች መጡ። እነሱ ሲሄዱ የእነሱ ጎረቤቶች መጡ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ ከድንኳኑ ውስጥ ሰማነው።

መካከል ላይ አቶ ጥላሁን እህታቸውን ወደ ጓሮ ጠሯት። እኔም ተከተልሁ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

«ዘነቡ፣ ይህን ውሻ እዚህ ብተወው…»

እትዬ ዘነቡ እንደ እብድ አየቻቸው።

«ያለቀስሁበትን ውሻ ነው በደጄ የማስረው? አገር ተሰብስቦ ስሙን ጠርቶ ያለቀሰበትን? ነገ ‹ዘነቡ የሟቹን ውሻ ከእናቱ ቀማች› ልባል? ኧረ ወዲያ! አንተስ ብትሆን ጥላሁን፣ ነውር አታውቅም?»

«ውሻ እኮ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ትናንት ነበር ውሻ።»

 ወደ ድንኳኑ ተመለስሁና ተቀመጥሁ። ፈገግታዬ እንዳይታይ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሚጭነን መኪና እንጠብቅ ብለን መንገድ ዳር ወጣን። ራበን። በድስቱ የመጣው ወጥ አልተነካም ነበርና ሣር ላይ ዘርግተን ቆረስን። መጀመሪያ የጎረሱት አቶ ጥላሁን ናቸው። ቆዩ። ውኃ ጠየቁ። ለካ ዓርብ እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ብርቄም በበኩሏ ጨው ጨምራለች። ማን ቀምሶ ይወቅ? እናኑ ምላሷን አውጥታ «ለመብረቅ እንስጠው» አለች። መብረቅ አሸተተና ዞሮ ተኛ። ያኔ አቶ ጥላሁን ሳቁ። ብርቄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ከልም ለብሼ፣ በመንገድ ዳር፣ በቀን። ሰው አልፎ ይሁን አይሁን አላየሁም።

ከዚያ ደረቅ ዳቦ በላን፣ ከለቀስተኛው የተረፈውን።

በርበሬ የጫነ መኪና ወሰደን። ከሾፌሩ ጋር እኔና እናኑ፣ አባትና ብርቄ ከመብረቅ ጋር ከላይ ጆንያው ላይ። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ሦስቱም ሲያነጥሱ መጡ። ላህ ወንዝ ድልድይ ላይ ሾፌሩ «ከላይ በሽተኛ አለ እንዴ?» አለኝ።

የሴቶቹን በርበሬ ረስቼዋለሁ። አንዲትም ዛላ አልገዛሁም። ነገ ምን እንደሚውጠኝ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

ወይዘሮ ስንዱ በማለዳ መጣች። «የታል በርበሬው?» ልቅሶ ተቀምጬ ነው የመጣሁት አልኋት። አላመነችኝም። የአቶ ጥላሁንን ካፖርት አሽትታ «ይኸው ይሸታል!» ብላ ተቆጥታ ሄደች።

ወገቤን ያመኛል። ዐይኔ አብጧል።  ግን እውነቱን እዚህ ልጻፈው፣ ትናንት ማታ ተኛሁ። ከግንቦት ወዲህ ሳልባንን ያደርሁት ትናንት ነው። እዚህ ሁሉም ይብቃሽ ይለኛል። እዚያ ማንም ይብቃሽ አላለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ስሙን ሲጠሩልኝ ዋሉ።

አቶ ጥላሁን ለምሳ ሲመጡ ስለ ውሻው የሚሉትን ጠበቅሁ። በሉ። እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ሚስማርና መዶሻ ጠየቁኝ።

«ለምን?»

«በጓሮ በኩል ሌላ መግቢያ ልከፍት። አባ ገብሬ በዚያ ይገባሉ። እዚህኛው በር ለእሱ ይሁን። ማታ ማታ ግን አጥሩ ውስጥ ይታሰራል፣ ደጅ አይወጣም።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ምን ታይኛለሽ?» አሉ። «የቡሬ ሰው ሁሉ ለመንፈቁ እንመጣለን ብሏል። ያች አልቃሽ ሳትቀር። በኅዳር መጥተው ውሻው የት አለ ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ምክንያታቸው ይህ ብቻ ይሁን አይሁን አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። ሚስማሩን ፈልጌ ሰጠኋቸው።

ያን ሁሉ የቡሬ ሰው ምን እንደማበላው፣ የት እንደማስተኛው ገና አላሰብሁትም። ከመንፈቁ በኋላ ስለ መብረቅ ምን እንደሚሉም አላውቅም። እስከ ኅዳር ግን ማንም አይነካውም።

አቶ ጥላሁን ጓሮ ሆነው አጥሩን እያፈረሱ ነው። በር ላይ ሰው መጥቶ «ኧረ ውሻውን ያዙልኝ!» እያለ ይጮሃል። ልሂድና ልያዘው።