«በአሥር ቀን አሥር ኪሎ» ላሉት ለአቶ በላይነህ

ለተከበሩ አቶ በላይነህ፣
የሸንቃጣ ክብደት መቀነሻ ማዕከል ባለቤትና ዋና አማካሪ
ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ከፊትዎ ላለው ቀጠሮ በሙሉ ጤና እንዲደርሱ አላህን እለምንልዎታለሁ።

ራቢያ ኢድሪስ እባላለሁ፤ ገበያው አጠገብ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። እኔን ቢረሱኝ ታናሽ እህቴን ኢክራምን ያስታውሷታል። ሰርጓ አንድ ወር ሲቀረው መጥታ «በአሥር ቀን አሥር ኪሎ» የሚለውን ሰሌዳዎን አንብባ፣ «እውነት ይቻላል?» ብትልዎ፣ «እኔ ዋስ» አሏት። ስለዚህ ደግነትዎ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ዱቄቱ አመሰግናለሁ። ስም የለው፣ የተሠራበት አገር አልተጻፈበት። ጠዋት በሙቅ ውኃ እንድትጠጣው፣ ከሎሚ ውኃ በቀር እህል የሚባል እንዳትቀምስ አዘዙላት። በአምስተኛው ቀን የሙሽራ ቀሚሷን ስለካት ወገቡ ሰፍቷታል፤ ደስ ብሎኝ አጠበብኩት። በስምንተኛው ቀን ደግሜ አጠበብኩት። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ «የሰርግ ጭንቀት ነው» አልኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የእርስዎን ድርሻ ግን አልሸከምልዎም።

ሁለተኛ፣ የቀረውን ኪሎ በላብ እንድታወጣው ወንዛዬ ፍል ውኃ ስለላኳት አመሰግናለሁ። አብሬያት ሄጄ ነበር። እስከ ትከሻዋ እንደገባች «ራቢያ፣ ልቤ ይዘላል» አለችኝና ዓይኗ ተገለበጠ። ለመታጠብ የመጡ እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ባይደርሱልኝ ብቻዬን አላወጣትም ነበር። ተሸክመን መኪና ላይ አወጣናት፤ በሐሙሲት አድርገን ባሕር ዳር ሆስፒታል እስክንገባ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ሄድኩ።

ሐኪሙ የዱቄቱን እሽግ አገላብጦ አየና «የወጣው ስቡ አይደለም፤ ውኃዋና ጡንቻዋ ነው። ልብን የሚያስመታው ጨውም አብሮ ወጥቷል» አለኝ። በአሥር ቀን አሥር ኪሎ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ይቻላል፤ ኮሌራም ይችላል» አለኝ። ጤናውን የሚወድ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ፣ ያውም እየበላ ነው የሚቀንሰው። ይህን ሰሌዳዎ ላይ ቢጽፉት አልቀየምም።

ሦስተኛ፣ እህቴ ኦክስጅን ላይ ሳለች ብደውልልዎ «ተደብቃ በልታ ይሆናል» ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ።

አራተኛውን ግን ማመስገን አቃተኝ። እሷ አልጋ ላይ ተኝታ ሳለ ፎቶዋን «በፊት» እና «በኋላ» ብለው ማዕከልዎ በር ላይ ሰቀሉት። እንዲያወርዱት ልለምንዎ ብመጣ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ «ለእሷም እኮ ክብር ነው» አሉኝ። እኔም ክብሩ እንዳይጎድልባት ብዬ፣ እሷን አስፈቅጄ፣ የሆስፒታል አልጋ ላይ የተነሣችውን ፎቶ «ከዚያስ በኋላ» ብዬ ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩት። በሳምንቱ አሥራ አንድ ሴቶች ዱቄታቸውን ይዘው መጡ፤ አንዷ ጡት የምታጠባ ነበረች። ዱቄቱን ለጤና ቢሮ አስረክበን ሲመረመር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሰጥ፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ተገኘበት። ሴቶቹ ከኢክራም ጋር አሥራ ሁለት ሆነው ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ማዕከልዎ ሲታሸግ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ፤ ሰሙ እስኪደርቅ አልሄድኩም።

ኢክራም ተርፋለች። ሰርጉ ሁለት ወር ቢዘገይም ሆነ፤ እጮኛዋ ሬድዋን «እኔ ያጨሁት ሰው ነው እንጂ ሚዛን አይደለም» ብሎ ጠበቃት። ዛሬም ግን ዳገት ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ደረቷን ትይዛለች። ይህን እያየሁ ነው ሽማግሌ የላኩብኝ። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብዬ በክብር ሸኘኋቸው። «ቂም በሆድ አይያዝም» አሉኝ። እውነት ነው፤ እኔም በሆዴ አልያዝኩትም፣ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ አስመዘገብኩት እንጂ።

የፍርድ ቀንዎን በታላቅ ትዕግሥት የምትጠባበቅ፣
አክባሪዎ ራቢያ ኢድሪስ

ማስታወሻ፦ መጥሪያው ከደረሰዎት ወዲህ ጉንጭዎ ገብቷል፣ ኮሌታዎም ሰፍቶዎታል ሲሉ ሰማሁ። ያለ ምንም ዱቄት፣ በአሥር ቀን። ብቻ አደራዎን ሐኪም ይዩ፤ እንዲህ በጥድፊያ የከሳ ሰው ልቡ ሊከዳው ይችላል፣ እኔ ደግሞ እስከ ፍርዱ ድረስ በጣም እፈልግዎታለሁ።