አምባዛው አንገት የለውም

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም ድንች ስናጠምድ ዋልን። ጀልባዋ የሥልጠናው ግቢ ሣር ላይ ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። መካነ ሰላም ውኃ የት አለና። አራት ልጆች ከሥር በአጠና እየነቀነቁ ያወዛውዟታል። እኛ ከላይ ቆመን ድንች የታሰረበትን መረብ እንስባለን። ሁለቴ ወደቅኩ። ጉልበቴ መድማቱን ያየሁት ቤት ገብቼ ነው።

ደብተሬ፣ ሥልጠናው ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። አሥር ነን። የግድቡ ሐይቅ ላይ በትልቋ የዓሣ ጀልባ የሚቀጠሩት ሰባት ናቸው። ካልተቀጠርኩ ዐረብ አገር ነው። አክስቴ ፎቶዬን ለደላላው ሰጥታለች። አባቴ ያለው ከላላ ወረዳ ገጠር ነው፤ ሥልጠናው እዚሁ ተጀምሮ እዚሁ የሚያልቅ ይመስለዋል፣ ሐይቅ እንደምሄድ አያውቅም።

ሁለቱም ለእኔ እኩል ነው እላለሁ። ግን ምሳዬን ትቼ ቋጠሮ ስለማመድ ነበር።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዋና አልተማርንም። እዚያው ሐይቁ ላይ ትማራላችሁ አለ ካፒቴን። አሠልጣኛችን ነው፣ ካፒቴን እንለዋለን። ትርንጎ፣ ከእኔ ሌላ ያለችው አንዷ ሴት፣ «ከመስጠማችን በፊት ነው ከሰጠምን በኋላ?» አለችው። ሁሉም ሳቀ። መሳቅ እንዳለብኝ የገባኝ ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው።

ሰኞ የዓሣ ፈተና። ከዓባይ በረሃ አምባዛ በሕይወቱ ይመጣል። እያንዳንዳችን ገድለን፣ ሆዱን ቀደን፣ አጽድተን ማስረከብ አለብን።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

አምባዛው በእርጥብ ጆንያ ነው የመጣው። ከቆላ እስከዚህ በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ መጥቶ አልሞተም። ጢም አለው። ባልዲዬ ውስጥ ይገላበጣል።

እንዲህ ሆነ። ባልዲውንና ቢላውን ይዤ ከግቢ ወጣሁ። መንገድ ዳር ቆምኩ። ቤት ውስጥ ዶሮ የሚያርድ ወንድ ሲጠፋ የማደርገው ይህንኑ ነው። እንደ እኛ እስላም የሆነ ወንድ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ሴት አታርድም። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በበቅሎ መጡ። ሰላምታ ሰጥቼ «አባባ፣ ይባርኩልኝ» አልኩ። ወረዱ። ቢላውን ተቀብለው ወደ ቂብላ ዞሩ። ቢስሚላህ አሉ። ከዚያ ቆሙ። ዓሣውን አገላበጡት።

«ልጄ፣ አንገቱ የቱ ጋ ነው?»

አላውቅም አልኩ። እሳቸውም አላገኙትም። ለመሆኑ ዓሣ መች ይታረዳል፣ ሳይታረድም ሐላል ነው ብለው ቢላዬን መለሱልኝ። በቅሏቸው ላይ ሆነው ሲስቁ ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

ዞር ስል ሁሉም አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። ትርንጎ እንባዋ ይወርዳል። ካፒቴን አልሳቀም። ሐይቁ መሀል ማን ሊያልፍልሽ ነው አለኝ። ዜሮ። ረቡዕ አንድ ዕድል አለሽ፣ ያኔም ካልገደልሽ ቦታሽን ሌላ ይወስደዋል ተባልኩ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ልብስ አጠብኩ። አክስቴ ደላላው ፓስፖርት ቶሎ ይውጣላት ብሏል አለች።

ትርንጎን እንዴት አደረግሽው ብዬ ጠየቅኳት። አማትቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስቴ መታሁ አለች። «ወላሂ፣ ሁለቱ ባልዲውን ነው ያገኘው።»

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ገደልኩት።

ዱላው የመጥረቢያ እጀታ ነው። ካፒቴን የሚመታውን ቦታ በጣቱ አሳየኝ፣ ከዓይኖቹ ኋላ ነው። ቢስሚላህ አልኩ፣ በሆዴ። አንዴ መታሁ። ጢሙ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። እጄን አየሁት። እንደ ወትሮው ነው። ሆዱን ስቀደው ውስጡ ትንሽ ዓሣ ነበር፣ ገና ያልተፈጨ።

ሰባተኛ ሆኜ ተጻፍኩ። የመጨረሻዋ። መኪናው ዓርብ ጠዋት ይነሳል።

የገደልሽውን ይዘሽው ሂጂ አሉኝ። ለአክስቴ ጠበስኩላት። ልትጎርስ ስትል ማን ገደለው አለች። ካፒቴን ብላት ትበላ ነበር።

እኔ አልኩ።

የያዘችውን መለሰች። ሴት የገደለችው እኔ ቤት ተበልቶ አያውቅም አለች። ደግሞ ሳቀች፣ ቀልድ ነው በይ እንጂ አለች።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። በላሁት። ለሁለታችን የጠበስኩትን ሁሉ። አጥንቱን ሳይቀር መጠጥኩ። ለካ ርቦኝ ነበር።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ጠዋት አክስቴ ደላላውን ተዪው ብላ ፎቶዬን አምጥታ መደብ ላይ ጣለችልኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ለአባትሽ ራስሽ ደውለሽ ንገሪው፣ እኔ አልገባበትም አለች።

ስልኩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። ከዚህ ሆኜ ብደውል ነይ ይለኛል። ነይ ካለኝ እሄዳለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

መኪናው ነገ 12 ሰዓት ነው። የምደውልለት ዓባይን ከተሻገርን በኋላ ነው።