ስም የጎደለው ደብተር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል፣ ካርቱም።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? የዚያ አገር ፀሐይ ይከብዳል ይላሉ፤ ራስዎን እንዴት አድርጎዎታል? ወባው ተወዎት ወይስ አሁንም ይጥልዎታል? እትዬ ዘሪቱስ እንዴት ናቸው? ማንጠግቦሽ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ በቸሩ አምላክ ፈቃድ አለን። እናታችን ጉልበታቸውን ከማመማቸው በቀር ደኅና ናቸው። እኔም አካሌ ደኅና ነው፤ ሆዴ ግን መቃጠል ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነገር ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ነጋዴው የሽዋስ የታመነ ሰው ስለሆነ አፌን ሳልይዝ እናገራለሁ።

አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከኢየሩሳሌም ይዘውት የመጡትን የጀርመን ቃላት ደብተር አይረሱትም። በጀርመኖች የእንግዳ ማረፊያ ቤት ሦስት ዓመት በር ሲጠብቁ የሰሙትን ቃል ሁሉ፣ ፍቺውን፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚባል፣ በመጨረሻም ከማን እንደሰሙት የጻፉበትን ነው። «ከዳቦ ጋጋሪው ከዮሴፍ የተቀበልሁ»፣ «ከአስታማሚዋ ከማርታ የተቀበልሁ» እያሉ። ከነመምህሩ ያልተያዘ ቃል የተሰረቀ ቃል ነው ይሉን አልነበረም?

እርስዎ ከተሰደዱ በኋላም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤታችን መሰብሰባችንን አልተውንም። የኔታ ጥሩሰው ከቅኔ ቤታቸው ይመጣሉ፤ የአባታችን ደቀ መዝሙር ፈንታው ይመጣል፤ እኔ አነባለሁ። «ቢተ» በምትባለው ቃል አንድ እሑድ ሙሉ ተከራከርን። ጀርመን ሲለምንም ቢተ፣ ሲሰጥም ቢተ፣ ያልሰማው ነገር ሲኖርም ቢተ ይላል ብዬ ባነብላቸው፣ የኔታ «ታዲያ ይህ ሕዝብ ሲጣላ ምን ይላል?» ብለው አሳቁን። ቤተ ክርስቲያንን «ኪርሸ» የሚሉት ከግሪክ ወስደው ነው፤ እኛ ኪርያላይሶን ስንል የምንጠራው ያው ጌታ አለበት የሚለውን ያነበብሁ ዕለት ግን የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡ።

ፈንታው ለጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ ገባ። ይግባ፣ እንጀራ ነው ብዬ ዝም አልሁ። በጥር ወር መጥቶ፣ ደብተሩን ብል እየበላው ነውና አውሺኝ፣ በጥሩ ወረቀት ልገልብጠው አለኝ። ብል መብላቱ እውነት ነበር፤ አባታችን ያስተማሩት ሰው ነውና ሰጠሁት። ሞኝነቴን አይውቀሱኝ፤ እኔው ራሴን ወቅሼ ጨርሻለሁ።

በዓቢይ ጾም በሁለተኛው ሳምንት፣ ቋንቋ የሚመረምር የጀርመን እንግዳ መጥቷል ተብሎ የከተማው ሊቃውንት ፈንታው ወደሚያገለግለው ወደ ጣሊያኑ ካፒቴን ግቢ ተጠሩ። የኔታ ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እየመራኋቸው ሄድሁ። ፈንታው በቀይ ቆዳ የተጠረዘ አዲስ መጽሐፍ ገለጠና «ካፒቴኑ መርምረው ያዘጋጁት» ብሎ ጀመረ። ካፒቴኑ! ሀን ከሁ የማይለይ ሰው! ቃሉ የአባታችን፣ ፍቺው የአባታችን፤ ግን ዳቦ ጋጋሪው የለ፣ አስታማሚዋ የለች፣ አባታችን የሉ። ኪርሸ ላይ ሲደርስ ደግሞ ግሪክን ትቶ «ከሮማ የመጣ ቃል ነው» አለ። መስኮትን ፌንስተር ማለታቸው ከሮማ እንደመጣ አባታችንም ጽፈዋል፤ እውነት ስለሆነ ጻፉት። ይህ ግን ካፒቴኑን ደስ ይበለው ተብሎ የተዋሸ ነው። እንግዳው ቅንድቡን ሰብስቦ አየው እንጂ አላረመውም፤ ምሳውን የበላው ከካፒቴኑ ማዕድ ነበርና።

ይህን ጊዜ የኔታ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ በየቅኔ ቤቱ ተማሪ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቁት፤ «ይህን ከማን ተቀበልኸው?» አሉት። ፈንታው መሬት መሬት እያየ «ከጌታዬ ከካፒቴኑ» አለ። ወጪት ሰባሪ! ከደብረ ወርቅ በራብ መጥቶ አባታችን ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ያበሉት ሰው እኮ ነው! የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ሊቃውንቱም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። በማግስቱ ወታደር መጥቶ የኔታን ወሰዳቸው። አራት ቀን አስረው፣ ሕዝቡ ቢያጉረመርም ለቀቋቸው።

ዓይን አውጣው ፈንታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤታችን ድረስ መጣ። ደብተሩ ካፒቴኑ ዘንድ ነው፤ ሥራው የካፒቴኑ ነው ከሚል ወረቀት ላይ ከፈረምሽ ይመለስልሻል አለኝ። ስም ምን ያደርግላችኋል፣ የምትፈልጉት ደብተሩን አይደለም ወይ አለ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጋሼ፤ የአባታችንን የእጅ ጽሕፈት እንደገና ለማየት ልቤ ክፉኛ ጓጓ። እናታችንን ዞሬ አየኋቸው። እሳቸውም «ደብተሩ ይቅር። እኔ ባሌን ሁለት ጊዜ አልቀብርም» አሉት። እሱም ወጣ፤ ደብተሩም ቀረ።

አሁን በቃሌ የያዝሁትን እንደገና እየጻፍሁ ነው። እናታችን አባታችን ሲያጉተመትሙት የሰሙትን ያስታውሱኛል፤ የኔታም ያርሙኛል። በየቃሉ ሥር «ከአባቴ ከመሪጌታ አስማማው፣ እሳቸውም ከእገሌ የተቀበሉት» እያልሁ እጽፋለሁ። እርስዎም የሚያስታውሱትን ቃል ሁሉ ከነስሙ ይላኩልኝ።

ትናንት «ኤንግል» ከምትለው ቃል ደረስሁ። ጀርመኖች መልአክን እንዲህ ይሉታል። ይህ ቃልና የእኛው ወንጌል ከአንድ የግሪክ ሥር እንደበቀሉ፣ አንዱ መልእክተኛ፣ አንዱ መልካም መልእክት ማለት እንደሆነ ያገኙት ግን አባታችን አይደሉም። ፈንታው ነው። ያገኘው ዕለት አባታችን ግንባሩን ስመው በገዛ እጃቸው ስሙን ጽፈውለት ነበር። ልዝለለው አልሁ በልቤ። ከእኔና ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ብዘለው ማን ይጠይቀኛል? ንዴቴ ዛሬም አልበረደም፤ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም። ነገር ግን «ከፈንታው የተቀበልሁ» ብዬ ጻፍሁት። ከጻፍሁትም በኋላ አለቀስሁ።

እትዬ ዘሪቱን ጉልበታቸውን ሳምሁ ይበሉልኝ። ማንጠግቦሽን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። እናታችን በዓይነ ሥጋ ያገናኘን እያሉ ይመርቁዎታል። የኔታ ጥሩሰውም እግዜር ይጠብቅህ ብለዋል።

እህትዎ የብርጓል አስማማው
ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.