ያልተጨበጠው እጄ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ገበር ገዛሁ። ጥቁር ክር ገዛሁ። ዚፑን ረሳሁ። እንዴት አልረሳ፣ ደሜ ፈልቶ ነው ከሱቁ የወጣሁት።

ስማኝ ደብተሬ፣ አንተ ፍረደኝ። ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ እትዬ አስካለ የጨርቅ ሱቅ እገባለሁ። እንደ ወትሮዬ ደህና ዋሉ ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። እጄ ባንኮኒው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሴትዮዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ ምን ልስጥሽ ትለኛለች። (ይሉኛል ልበል። ብናደድም እናቴ አንቱታ አስተምራኛለች።) ጉንጬን አገላብጠው ካልሳሙኝ ሜትር የማያነሱት ሴትዮ! ለኩ፣ ጠቀለሉ፣ ሰጡኝ። በቃ።

የሚያቃጥለኝ ምን መሰለህ። ከጥቅምት ጀምሮ ደንበኛቸው ነኝ። ከፋሲካ በኋላ የስፌት መኪናሽን አምጪና በረንዳዬ ላይ ስሪ ያሉኝም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ ታደለች፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ጓሮ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ማን ያየኛል? ያ በረንዳ ከተገኘ እኔም ሰው ሆንኩ። አሁን ሐሳባቸውን ቀየሩ? ምን አደረግኩ?

ሰኞ ማታ።

ወንድሜ ሳሙኤል ራት ላይ መጣ። ነገርኩት። አላስጨረሰኝም። ዘርሽ ነው አለ፣ ሌላ ምን ሊሆን። እሳቸው ከጎንደር፣ እኛ ሲዳማ፤ ፈገግታው ለገበያ ነበር፣ በረንዳው ሲቃረብ ከበዳቸው። አዲስ ከተማ ያለውን ቡቲክም አስታወሰኝ። ጥር ላይ ቀሚስ አውርጂልኝ ስላት፣ ከላይ እስከ ታች አይታኝ ውድ ነው ያለችኝ ልጅ። ዋጋውን እንኳ አልነገረችኝም። አፍሽን ስትከፍቺ የየት አገር ሰው እንደሆንሽ ይታወቃል፣ አለቀ፣ አለኝ።

ባለቤቴ ማቴዎስ ሳቀ። በዚህ አገር ባለሱቅ የሚያመናጭቀው ዘር መርጦ አይደለም፣ ሁሉንም ነው አለ። ገዢ እየለመነ ነው የሚገዛው። ሳሙኤል አንተ ምን አለብህ፣ ሲስቁብህ አይገባህም አለው። ድምፅ ከፍ አለ። ሳህን አነሳሁና ገላገልኳቸው።

ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ለዚህ ነው እንቅልፍ እንቢ ያለኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያ. 7።

ዚፕ ፍለጋ ወጣሁ። በእትዬ በር ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። አይተውኛል፤ ጀርባዬ ነገረኝ። ይበላቸው።

ማዶ ካለው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የወንዜ ልጅ፣ በሲዳምኛ ነው ያወራነው። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ሒሳቡ ድረስ ነው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ዚፑን ወረወረልኝ። ቤት ገብቼ ባየው ቡናማ! ጥቁር ነው ያልኩት። ተመልሼ ብሄድ የወጣ ዕቃ አይመለስም አለኝ፣ አሁንም ስልኩን እያየ። እሱስ በምን ዘሬ ጠልቶኝ ነው?

ማቴዎስ ይህን ሲሰማ ዳንስ ነው የቀረው። ሳሙኤል አንድ ባለጌ ስለተገኘ ሌላው ነፃ ወጣ አይባልም አለ። እሱም እውነት አለው።

ረቡዕ፣ ሚያ. 8።

የበዓል ልብስ ልታሰፋ የነበረች ሴት ከአስፋልቱ ደወለች። ቤቱ ጠፋኝ አለች። መጣሁልሽ እያልኩ ስሮጥ ባጃጅ ይዛ ተመልሳለች። አለቀስኩ። ከበር መልስ አለቀስኩ።

ቆርጫለሁ። ነገ ሄጄ በረንዳዎን አልፈልግም እላቸዋለሁ። እሳቸው እስኪሉኝ አልጠብቅም። ከነድህነቴ ክብር አለኝ።

ሐሙስ፣ ሚያ. 9። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ።

ንግግሬን መንገድ ላይ እየተለማመድኩ ደረስኩ። ከፊቴ አንዲት ነጠላ ያጣፉ ሴት ገቡ። የእትዬ ማኅበርተኛ ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ፤ ሲገናኙ ተቃቅፈው የሚቀሩ ናቸው። አልተሳሳሙም! አልተጨባበጡም! አንገት ሰበር፣ በቃ። ልክ እንደኔ።

እኔ ደጃፉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ ከጓዳ ጉልባን ይዘው መጡ፣ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ። ለሴትየዋ ሰጡ። ዞረው በኔም መዳፍ ላይ አፈሰሱልኝ። በረንዳዎን አልፈልግም ልል በመጣሁት በኔ እጅ ላይ!

እፍኜን እንደያዝኩ ለምን ሰው እንደማይስሙ ጠየቅኳቸው።

«ሕማማት አይደል፣ ልጄ» አሉ። «ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነው። እስከ ትንሣኤ ሰላምታ የለንም።»

ሰላምታ የላቸውም! ለማንም! እኔ እንዴት ልወቅ? ያደግኩበት ቀበሌ ከዳር እስከ ዳር ጴንጤ ነው። እኛ በዚህ ሳምንት መሳሳሙን ጭራሽ እናብሰዋለን። ሥጋ እንደማይበሉ አውቃለሁ፣ ቅቤ እንደማይበሉ አውቃለሁ። ይሄን ማንም አልነገረኝ።

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። የሰኞውን፣ የሳሙኤልን፣ የዛሬውን ንግግሬን ጭምር። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ማክሰኞ ፊትሽን አዙረሽ ስታልፊ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አገሩ የነሱ ነው፣ ከዚያች ጎንደሬ ጋር ምን አለሽ ያላት ሰው አለ አልኩ። ጸጉሬ የሸበተው ሐዋሳ ነው፣ ታደለች። ያንቺ ፊት ሲዞርብኝ ግን ትናንት የመጣሁ መሰለኝ።»

ይታይህ ደብተሬ! እኔ እዚያ፣ እሳቸው እዚህ፣ አንድ ዓይነት ነገር እያሰብን ስንብሰለሰል ከረምን። እቅፍ ላደርጋቸው ተነሳሁ፣ ሕማማቱ ትዝ አለኝ፣ እጄን ሰበሰብኩ። በጾማቸው መሐል የኔ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

በረንዳው? ቦታውን ገና ሰኞ አስጠርገውታል። ጥቁሩን ዚፕም ራሳቸው መርጠው ሰጡኝ።

ሐሙስ ማታ።

ማቴዎስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳሙኤል ግን ቡቲኳስ አለኝ። ጥር ላይ ሕማማት የለም።

የለም። ያቺ ልጅ ሰውን ሁሉ ትንቅ እንደሆነ፣ ወይ እኔን ለይታ፣ አላውቅም። ብቻ ቀሚሱ አሁንም ተሰቅሏል። ሄጄ አውርጂልኝ እላታለሁ፣ ውድ ነው ካለችኝ ስንት ነው ብዬ አፍጥጬ እቆማለሁ። እስካሁን አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያ. 11።

ስፌት፣ ስፌት። የሰው የበዓል ልብስ። ወገቤ ተቆረጠ። እያንጎራጎርሽ ነው የምትሰፊው አለኝ ማቴዎስ፤ አልታወቀኝም።

እሑድ፣ ሚያ. 12። ፋሲካ።

ከቤተ ክርስቲያን እንደገባን ስልክ ጮኸ። እትዬ። ለበዓል መጥቼ ቤታችሁ ጠፋኝ አሉ፣ አስፋልቱ ላይ ቆመው። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ሳሙኤል ተከተለኝ፣ ምን እንደፈለገ እንጃ።

የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ እያዩ እዚያው አስፋልት ዳር ሳሙኝ። አንዱን ጉንጬን፣ ይሄ የሰኞው። ሌላውን፣ ይሄ ፊትሽን ያዞርሽበት ማክሰኞ። ረቡዕን ለምን እንደሳሙኝ አላውቅም፣ አልተገናኘንም። አላስቆምኳቸውም።

ሳሙኤል ጎኔ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ራሱ እጁን ዘረጋ። እንኳን አደረስዎ አለ። እትዬ እጁን ትተው አንገቱን ይዘው ሳሙት።

ነገሩ ተቆርጧል። ማክሰኞ መኪናዬ ወደ በረንዳው ትወጣለች። ሳሙኤል እኔ ነኝ የምሸከማት ብሏል፣ ማንም ሳይጠይቀው። አሁን እየጠሩኝ ነው፤ ቡርሳሜው፣ የቆጮ ምግባችን፣ በቅቤ ርሶ ቀርቧል፣ እትዬም ታደለች ሳትመጣ አልነካም ብለው እጃቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል።