ሁለቴ ከተመታ ቁም

ውድ እህቴ፣

ስልኬን እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላነሳም ነበር። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። በቅድሚያ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አባዬ ደህና ነው። ልጄ ሚጣ ግንባሯ ላይ ትንሽ አብጦባት ነበር፣ እሱም ጠፍቶላታል። ፖስታው ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር በጣትሽ ሳትዳስሺ አትቀሪም። እባክሽ እሱን መጨረሻ ላይ አውጪው። ታሪኩን ሳልነግርሽ ካየሽው ደምሽ ይፈላና ደብዳቤውን ሳትጨርሺ ትቦጫጭቂዋለሽ። ጠባይሽን አውቀዋለሁ፤ የእኔም ያው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬና አባዬ የተጋቡበት ሃምሳኛ ዓመት ነበር። ቀኑን እንዳልረሳሽው እርግጠኛ ነኝ። ያሰብኩት ነገር ቀላል ነው፤ በአባዬ አሮጌ መኪና ድሮ የሠሩበትን የአውቶቡስ መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው እንሄዳለን፣ ሐይቁ ዳር ባለችው የሾፌሮች ሆቴል ምሳ እንበላለን፣ አድረን በማግስቱ እንመለሳለን። እሱ ሾፌር፣ እሷ ትኬት ቆራጭ ሆነው የተዋወቁት እዚያው መስመር ላይ አይደል? የሚጣ እናት ሥራ ላይ ተረኛ ስለነበረች ቀረች። አራት ሆነን ተነሳን።

አምስተኛዋ አንቺ መሆን ነበረብሽ። እዚህ ላይ አንድ የማታውቂው ነገር አለ፤ ከእሱ ልጀምር። ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት አባዬ ጫማውን እየወለወለ፣ ቀና ሳይል፣ «እሷስ?» አለኝ። ስምሽን አልጠራም፤ ግን ማንን እንደሆነ ገባኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ስላንቺ ያነሳው የመጀመሪያው ቃል ነበር። እኔ ደግሞ «ደውዬላት ነበር፣ አይመቸኝም ብላለች» አልኩት። አልደወልኩልሽም። ብትመጪ መንገዱን ሁሉ «እሱ መንዳት የለበትም» እያልሽ በዓሉን ታበላሺብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አባዬ «እንግዲህ ሥራ ይበዛባታል» አለና የወለወለውን ጫማ መልሶ ወለወለው።

ባለፈው ዓመት ቤትሽ በጋበዝሽን ቀን የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን የዚያን ቀን እኔ ምን ሳስብ እንደነበር ልንገርሽ። አባዬ በርሽ ላይ የተሰቀለውን ካፖርትሽን «እንደምን ዋልሽ» ብሎ ሰላም ሲል ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እኔ ሳምንት ሙሉ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራው ሰነበትኩ። ያልሳቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እንግዶቹ ፊት እጅሽን ዘርግተሽ «አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ» ስትይው «ልጄ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው» ብሎ ተነስቶ ወጣ። መኪናው ከግቢሽ ሲወጣ ተከትለሽው ሮጠሽ ላሜራውን በመዳፍሽ ሁለቴ እንደመታሽው እማዬ ነግራኛለች። አልቆመም። ማታውን እኔ ደወልኩና ያንን ሁሉ አፌ ያመጣልኝን አወረድኩብሽ። «ድሮም ትቀኚበታለሽ» ያልኩሽን ቃል እስከዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። አባዬ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከቤት ወጣ። እኔ ለወጉ ያህል «ልንዳልህ?» ስለው «አንተ? አንተ ማርሽ ስትቀይር በር የምትገነጥል ነው የሚመስለው» አለኝ። ሚጣ እስኪያማት ሳቀች። እኔም በልቤ «ይኸው ተመልከች፣ ቀልዱ እንኳ አልደከመም» አልኩሽ።

እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ጋቢና ከተቀመጠች አፏ አያርፍም። «ቀኝ ነፃ ነው። ፊት ለፊት ጭነት መኪና፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ብስክሌተኛ በግራ። አሁን ቅደመው። ድልድዩ ደረሰ።» ያው የድሮ ሥራዋ ነው ብዬ አልፈረድኩባትም። እኛ ቤት ከማዕድ ሲነሳ እንኳ «ወራጅ አለ!» ተብሎ ነው የሚነሳው። ልጆች ሆነን አባዬን ሳህን እንደ መሪ አስይዘን «ቀኝ ነፃ ነው፣ ና፣ ና፣ ና» እያልን ወደ ኋላ ስናስኬደው፣ አንዴ ግድግዳ ላይ ያላተምሽው ትዝ ይልሻል? እማዬ አውቶቡሱን በመዳፏ የምትመታበት ምልክትስ? አንዴ ከተመታ ሂድ፣ ሁለቴ ከተመታ ቁም። እኔና አንቺ ስንጣላ ጠረጴዛውን ሁለቴ መትታ ነበር የምታስቆመን።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ግን ነገሩ ይከብደኝ ጀመር። ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር። ውሃ ስሰጣት አንዴ ጎንጨት ትልና ሳትውጠው ትቀጥላለች። «እማዬ፣ በናትሽ፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን የነዳበት መንገድ ነው፣ እስቲ ተይው!» አልኳት። ዝም አለች። መኪናው ወዲያው ፍጥነት ቀነሰ። አባዬ «ተዋት፣ ትናገር» አለ፤ ድምፁ ቁጣ ነበረበት። በበዓላቸው ቀን የተቆጣኝ ለምንድን ነው ብዬ አኮረፍኩ።

ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም የሠራሁትን ሥራ ልንገርሽ። የኋላውን በር ከፈትኩና «እማዬ፣ ዛሬ ቀንሽ ነው። ከሚጣ ጋር ጋደም በይ፣ ጋቢና እኔ እቀመጣለሁ» አልኳት። «እዚሁ ይመቸኛል» አለች። «ጉሮሮሽ ተዘጋ እኮ!» «ይዘጋ። የራሴ ጉሮሮ ነው።» እኔ ግን ክንዷን ይዤ አስወረድኳት። እሷ አባዬን አየችው። አባዬ ፊቱን ወደ መስታወቱ እንዳደረገ «ይሁን፣ ይቀመጥ» አለ። እምቢ ቢል ይነቃበታል። ይሄ ሁሉ የተገለጠልኝ በኋላ ነው። የዚያን ሰዓት እናቴን ያሳረፍኩ ጥሩ ልጅ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ አባዬ ዝግ አለ። ሰው ሁሉ እየቀደመን ያልፋል። «ያ ፊት ለፊት ያለው ምንድን ነው?» ይለኛል። «አውቶቡስ።» «ቆሟል?» «ኧረ እየሄደ ነው።» ጨዋታ የፈለገ መስሎኝ ስለ አውቶቡሱ አሮጌነት አወራለት ጀመር። እማዬ በወንበሮቹ መሃል አንገቷን አስግጋ «ጠመዝማዛው ጋ ደረስን፣ ግራ ያዝ» ስትል፣ «እማዬ፣ ቀበቶሽን አጥብቂና አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት። እንደ ሕፃን ነው የተቆጣኋት። ተመልሳ ከአባዬ ጀርባ፣ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። መስኮቱን እስከ ታች ስትከፍተው ሰማሁ።

መንገዱን አባዬ በልቡ ያውቀዋል፤ እስከዚያች ደቂቃ ያደረሰን እሱ ነው። ግን ጠመዝማዛው ላይ አዲስ የመንገድ ሥራ ነበር፤ ያ ደግሞ በልቡ ውስጥ የለም። እኔ ምን እያደረግኩ ነበር መሰለሽ? ሚስቴ «የት ደረሳችሁ?» ብላ ጽፋልኝ፣ አጎንብሼ «ሁሉም ሰላም ነው» ብዬ እየመለስኩላት ነበር።

ድው፣ ድው።

ሁለቴ። እማዬ ክንዷን በመስኮት አውጥታ የበሩን ላሜራ በመዳፏ መታችው። አልጮኸችም፤ ለመጮህ ድምፅም አልነበራት። የአባዬ እግር ፍሬኑ ላይ የወጣው ሁለተኛው ምት ሳያልቅ ነው። ስልኬ ከእጄ አምልጦ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ሚጣ ግንባሯ ከፊቷ ካለው ወንበር ጋር ተላተመ። ቀና ስል ከኮፈኑ ፊት ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሴት ቆማለች። በአንድ እጇ ቀይ ባንዲራ ይዛለች፤ ሌላውን እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋዋለች፣ መኪናውን ገፍታ ያቆመችው ይመስል። ከኋላዋ መንገዱ ተቆፍሮ ሠራተኞች ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ!» ብላ እየጮኸች ወደ መስኮቱ መጣች። ሽበቱን ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባቴ፣ ከዚያ ጀምሮ ሳውለበልብ አላዩኝም እንዴ?»

አባዬ ፊቱን አዞረ። ያዞረው ግን እሷ ወዳለችበት አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ጎን፣ ባዶው ላይ ነበር። «አላየሁሽም፣ ልጄ» አለ።

እህቴ፣ እኔ ያንን ቃል ሳይሆን ያንን አንገቱን አይቼ ነው የገባኝ። ካፖርትሽ ታየኝ።

ዳር ይዘን ቆምን። እማዬ ሚጣን ታቅፋ፣ ግንባሯን በእርጥብ መሐረብ እያበሰች ነገረችኝ። ሐኪሙ ከነገራቸው ሁለት ዓመት አልፏል። የሚያየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ መሃሉ ላይ ጭጋግ አለበት፣ እየሰፋም ነው የሚሄደው። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «መኪናው ሲቀር እሱም የሚቀርብኝ መሰለኝ» አለች። «ደግሞ ሃምሳ ዓመት ያየሁለት እኔ አይደለሁ? ዓይኔ እስካለ ድረስ እችላለሁ አልኩ።» ከዚያ እጇን አየችው። መዳፏ ቀልቶ ነበር። «ዛሬ ግን ፈራሁ» አለችና አለቀሰች። እናታችን ስታለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ አንቺም ያየሽ አይመስለኝም።

አባዬ ይህን ሁሉ የሚሰማው መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ውረድ ማለት ነበረብኝ። አንቺ እንግዳ በሞላበት ቤት ያልሽውን ነገር እኔ ሰው በሌለበት መንገድ ዳር ለማለት አቃተኝ። በሩ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። በመጨረሻ ሞተሩን ራሱ አጠፋው። ቀበቶውን ፈታ። ሳያየኝ፣ ቀስ ብሎ፣ «ወራጅ አለ» አለ።

ክንዱን ይዤ በመኪናው ዙሪያ ስወስደው እንዲህ ቀሎ ነበር እንዴ አልኩ። ጋቢና አስቀመጥኩት። እኔ መሪውን ያዝኩ። አንዴ ሞከርኩ፣ ሞተሩ ጠፋብኝ። ሁለተኛም ጠፋብኝ። ባንዲራዋን የያዘችው ሴት እለፍ ትለኛለች፤ እኔ መሄድ አልቻልኩም። አባዬ ማርሹን ሰምቶ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበኝም። ክንዱን በመስኮቱ አወጣና በሩን በመዳፉ አንዴ መታው።

ሄድኩ።

ሆቴሉ እንደ ድሮው ነው፤ ምሳው ግን ለማናችንም አልወረደልንም። ሚጣ ብቻ የሁላችንንም ኬክ ጨረሰችው። የዋሸሁትን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለአባዬ ተናገርኩ። «አልደወልኩላትም። አይመቸኝም ያለችው እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሹካውን አስቀምጦ «ብትጠራት ትመጣ ነበር?» አለኝ። «ትመጣ ነበር» አልኩት። ደጋግሞ ነው የጠየቀኝ። እኔም ያንኑ መለስኩለት። በአንቺ ስም ሁለተኛ መዋሸቴ ከሆነ ይቅር በይኝ።

በማግስቱ እኔ ነድቼ ቤት ገባን። ቁልፉን እኔ ጋ ላስቀምጠው ብዬ እጄን ስዘረጋ ከለከለኝ። «ለእሷ ላክላት» አለ። «እሷ እኮ ሩቅ ናት አባዬ፣ መኪናው በር ላይ ሊገተር ነው?» ስለው «ይገተር። የጠየቀችኝ እሷ ናት» አለ። የሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ የሐኪም ቀጠሮ አለው። እማዬ «ታዲያ ማን ይወስድሃል?» ስትለው «ቁልፉ ያለው ሰው ነዋ» አላት።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጧል። የምጽፈውን ማንበብ ስለማይችል ጮክ ብዬ እያነበብኩለት ነው። ካፖርቱ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ ሐኪሙ ጋ ስደርስ ወደ ግድግዳው ዞረ። ምን ልጨምርላት ብዬ ስጠይቀው «ምንም» አለኝ። ፖስታውን ላሽገው ስል ግን እጄን ያዘኝ።

«ያኔ ሁለቴ መትታልኝ ነበር በላት። ሰምቻለሁ። ያልቆምኩት እኔ ነኝ።»

አሁን ቁልፉን አውጪው። ስትመጪ እሱ በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከሩቅ አይለይሽም። የግቢውን በር በመዳፍሽ አንዴ ምቺለት፣ ያውቅሻል።

አክባሪሽና በዳይሽ፣
ማርሽ ሲቀይር በር የሚገነጥለው ወንድምሽ