ሉሉ የምትመጣበት ስም

አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ
አርብ፣ ሸዕባን 8 ቀን 1446

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ ኢፍራህ፣

የአላህ ሰላም ደሴ ድረስ ወርዶ ከደጃፍሽ ያግኝሽ። የአክስትሽ ጉልበት ተሻላት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኹሩጄ፣ የመውጫ ቪዛዬ፣ ተመቷል፤ ረመዳን ሳይገባ አብረን ነን ኢንሻአላህ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤት ቤት የምትሠራው አዲስዓለም ለእረፍት ስትሄድ ታደርስልሻለች። ከእኔ እንዲቀድም የፈለግኩት ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ የማልናገረው ነገር ስላለበት ነው።

በስልክ «አባ፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ድመት ወዳድ የሆንከው?» ብለሽ ስትስቂብኝ ወሬ የቀየርኩት መልሱ በስልክ የማይነገር ሆኖ ነው።

እናትሽን በሆድ ሕመም ሞተች ብዬሽ የቀረውን ውጬዋለሁ። ያን ቀን ጠዋት ሆዷን ይዛ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለታችንም የምንሠራላትን ማዳም ባሲማን «ሆስፒታል ልውሰዳት» አልኳት። «ፓናዶል ትዋጥ፤ ቡክራ፣ ነገ፣ እናያለን» አለች። ከሰዓት ድመቷ ሉሉ አስነጠሳት። ማዳም አባያዋን ደርባ ወጣችና «ያላ ኸሊፋ፣ መኪናውን አስነሳ» አለችኝ። ሉሉን በቅርጫት እንዳቀፈች፣ ደማም ከተማ ያለ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አደረስኳቸው። ስንመለስ እናትሽ ሰው አትለይም ነበር። ቡክራ የተባለው ቀን ነጋ፤ እሷ ግን አላየችውም።

ጀናዛዋ በወጣበት ቀን እንኳ ከማዳም አፍ ስሟ አልወጣም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሱዓድ» ነበር የምትላት። ከእናትሽ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስም ነው። «አዲስ ስም መልመድ ይከብደኛል» አለች፣ አበቃ። እናትሽም በሰው ስም አቤት እያለች ኖረች።

ከዚያ ወዲህ ሰላት ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው እንዴት አድርጌ የማዳምን አንጀት እንደማሳርር ነበር። ሰው ላይ እጄን አላነሳም፤ አላህን እፈራለሁ። ግን የምትሳሳለት አንድ ነገር አላት፤ ሉሉ። ስለ ድመት አንቺን የጠየቅኩሽ ያኔ ነው። «የቤት ድመት የምታድነው ስለሌላት አእምሮዋ ይዝጋል፤ ምግቧን ደብቅላትና ራሷ ፈልጋ ታግኝ» ብለሽ ቪዲዮውን ሁሉ ላክሽልኝ። እንዳልሽው አደረግኩ። የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ደረቅ ምግቧን እየጣልኩ በተጨማደደ ወረቀት ደፈንኩ። ፎጣ ላይ በትኜ ጠቀለልኩላት። የጫማ ሳጥን በስቼ መዳፏን እየሰደደች እንድታወጣ አስለመድኳት። መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ወጥታ ትተኛበት ነበር፤ በኋላ ግን ፎጣውን በአፍንጫዋ እየገፋች ስትዘረጋው ስጋጃ የሚያነጥፍ ሰው ትመስላለች።

ሐሳቤ ጨዋታውን ከእኔ እጅ ብቻ አስለምጄ፣ ሳህኗን አስጠልቼ ወደ አገሬ መሄድ ነበር። ድመቷ ትክሳ፣ ማዳም ታልቅስ። ተሳካልኝም። ማዳም ዓሣ ጠብሳ ብታቀርብላት ሉሉ አሸተተችና ጀርባዋን ሰጠቻት። ያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

በረጀብ ወር በአንዱ ጁምዓ ኢማሙ ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷ እንዳትፈልግም ሳትለቃት ገድላ እሳት የገባችውን ሴት አነሱ። «ለድመት ይህ ከሆነ ለሰውስ? ይኸው ያንቺ ነገር መጣ» አልኳት ማዳምን በልቤ። ከመስጊድ ስወጣ፣ አንድ እግሬ ጫማው ውስጥ እንዳለ፣ ነገሩ ገባኝ። ገመዱን የያዘው የእኔ እጅ ነው። ቤት እስክደርስ አላህን ምሕረት እየለመንኩ ኢስቲግፋር አደረግኩ፤ ሳህኗንም በእጄ አባብዬ መልሼ አስለመድኳት። አሁን ጠግባ ታድራለች።

በቀሉን ግን አልተውኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታ ከማቅረቤ በፊት አንድ ስም እጠራለሁ። ያለዚያ ስም ጨዋታ የለም። አሁን ልብስ ማጠቢያው ሥር ተኝታ ብትሆን እንኳ ስሙን ስትሰማ ጭራዋን አቁማ ትመጣለች። «ሉሉ» ቢሏት ጆሮዋንም አታነሳም።

ማክሰኞ ዕለት ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እናትሽ ተቀምጣበት የነበረው ጋ።

«ያ ኸሊፋ፣ አንተ መሄድህ ነው። ሉሉ እኔን ረስታኛለች። ጨዋታውን አሳየኝ።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ማዳም። መጀመሪያ ስም ይጠራል።»

«ቀኑን ሙሉ ስጠራት እውላለሁ፤ መች ትመጣለች?»

«ሉሉ ብለሽ አይደለም። ሀኪማ በይ።»

«ሀኪማ ማን ናት?»

«ሱዓድ የምትያት።»

ማዳም የጫማ ሳጥኑን ገለበጠችው፣ አገላበጠችው።

«ሌላ ስም አይሆንም?»

«አዲስ ስም መልመድ ይከብዳታል፣ ማዳም።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ በለሆሳስ ጠራች። «አትሰማሽም፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አልኳት።

ልጄ፣ ይህ ኃጢአት ከሆነ ዱዓ አድርጊልኝ። እኔ ግን ገና አልቆጨኝም። ስመጣም አታንሺብኝ። የእንስሳት ሐኪም ልትሆኚ ነውና አንድ ነገር ብቻ አጣርተሽ ቆዪኝ፤ ድመት የለመደችውን ጥሪ ዕድሜ ልኳን ትይዘዋለች ወይ?

ይህን ስጽፍልሽ ከላይ ፎቅ የማዳም ድምፅ መጣ፤ «ሀኪማ፣ ሀኪማ» ትላለች። ብዕሬን ጥዬ ብድግ አልኩ፤ እናትሽ የምትወጣ መስሎኝ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየሁ። ሉሉ ወጣችና ደረጃውን ይዛ ሮጠች። በሩን ትንሽ ቆሜ አየሁት።

አላህ ዕውቀትሽን ይባርክልሽ፤ በገዛ ስምሽ ከሚጠሩሽ ሰዎች መሐል ያኑርሽ።

አባትሽ ኸሊፋ