የመጨረሻው የኮሶ ቋጠሮ

ጥቅምት 20፣ ሰኞ። ጠዋት።
ታጠብሁ። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከአንገት በታች፣ አባቴ እንዳስለመደኝ። ከዚያ እስከ ቀርከሃው ጫካ ደርሶ መመለስ። ዛሬ ሳልቀመጥ ተመለስሁ። ትንፋሼ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ደጃፌ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

የክረምቱ ንዳድ ሲለቀኝ ሥጋዬንም ይዞ ሄደ። ክንዴን በአውራ ጣቴና በመሐል ጣቴ ከበብሁት። ሊገናኙ ጥቂት ቀራቸው። እማዬ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔንና እኅቴን እንዲህ ትለካን ነበር። ጣቷ አጭር ነው፤ ተገናኝቶ አያውቅም። እሰይ ትልና ትለቀናለች። ስትለቀኝ ክንዴ ላይ የሚቀረው ሙቀት። እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ።
ከአገሬ፣ ከመተከል ደጋ ጫፍ፣ አንድ ሰው አሶሳ ደርሶ ነበር። የእናትህ ዓይን እየደከመ ነው አለኝ። ፊት ለይታ የምታየው በቀን ብርሃን፣ ያውም ሲቀርቧት ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ሰላም የለውም። ሳይጨልምባት መድረስ አለብኝ።

የምጽፍላቸው ሹም ፈቃድ ሰጡኝ። የቀረው ነጋዴው ኢድሪስ ነው (ከዚህ ወዲያ ኢ.)። አባይ ሲጎድል አህዮቹን ጭኖ ወደ መተከል ይሻገራል። ብቻዬን መሄድ አይታሰብም። ኢ. ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ዳገት ሳትቀመጥ ከወጣህ እወስድሃለሁ አለ። ያ ጸሐፊ፣ አንተ፣ ወላሂ፣ አህያ ላይ ጨው አለ፣ ቦታ የለም፣ እግር ካለህ ና! ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እቤት ስገባ ተውሁት።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ።
መብላት ሥራዬ ሆኗል። ጎረቤቴ ሃሊማ፣ ባሏ የሞተባት የበርታ ሴት፣ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ትልክልኛለች። ሥጋም ቅቤም የለበትም፤ የጽጌን ጾም አላፈርስም። መጀመሪያ ልስላሴው ያስፈራኝ ነበር። ጉሮሮዬ ሳያውቅ ይወርዳል። አሁን ሳይመጣ ሲቀር መንገድ መንገዱን አያለሁ።

አባቴ እጅህ ገና እየፈለገ ከገበታ ተነሣ ይል ነበር። ከገንፎው ሳስተርፍ ሃሊማ ተቆጣች። ጸሐፊ ግማሽ በላ፤ ግማሹ ለማን? ለጅብ? ቀዝቃዛ ውኃውንም አትወደውም። ንዳዱን ጠርቶ ያመጣው እሱ ነው ባይ ናት። ተከራከርን። ሁለታችንም አልተሸነፍንም።

ኅዳር 1፣ ዓርብ። ከቀትር በኋላ።
ወጣሁት! ዳገቱን። ማንም አላየኝም፤ ግን ወጣሁት። መሐል ላይ ያለውን ሾላ ቀና ብዬ አልፌ። ጫፉ ላይ ነፋሱ የደጋ ነፋስ መሰለኝ። ገብስ ሸተተኝ ልበል? እዚህ ገብስ የለም።

አባይ ጎድሏል ይላሉ። ኢ. ሰሞኑን ይነሣል። አንድ ነገር ቀረኝ። ከቤት ጣራ ሥር የሰቀልሁት ቋጠሮ፣ እማዬ ስሄድ የሰጠችኝ ኮሶ። የመጨረሻው። እንደደረስሁ፣ ሳትስመኝ ገና፣ ኮሶ ጠጣህ ወይ ትለኛለች። አውቃታለሁ።

የኮሶ ቀን። አባቴ ተከናንቦ ይተኛል። ጌታው ቢያስጠሩት ኮሶ ጠጥቷል ይባላል፣ መልእክተኛው ይመለሳል። ሌላ ቀን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። ያን ቀን አባታችን የእኛ ነበር። ሲሽርለት የእማዬ ማሻሪያ፣ ቀጭን የአጃ አጥሚት። ከእሱ የተረፈውን እኔና እኅቴ እንሻማለን።

እዚህ ከመጣሁ ጥሬ ሥጋ አልቀመስሁም። የክርስቲያን እርድ የት አለ? ትል የለብኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ግን ሳልጠጣ ፊቷ ልቁም?

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ። ገና ሳይመሽ።
ጠጣሁ። ወዲያው ልጅነቴ ምላሴ ላይ መጣ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ወጣ። ትል ብቻ አልወጣም።

ሃሊማ ድምፄን ሰምታ ሮጣ ገባች። ዋንጫውን አሸተተች። መርዝ መሰላት። ማን ሰጠ አለችኝ። እናቴ አልሁ። አፏን ያዘች። ፈቂውን፣ የቁርዓን መምህሩን፣ ልታስጠራ ስትል እጇን ይዤ፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ አስረዳኋት። እናት ይሄን ለልጅ ይሰጣል? አለች። ትወደኛለች አልኋት። አላመነችኝም።

ኅዳር 3፣ እሑድ።
እግሬ ውኃ ነው። ኢ. ረቡዕ እንነሣለን ብሎ ላከ። ዳገቱን ሞከርሁ። ሾላው ሥር ተቀመጥሁ። ኢ. አህዮቹን እየነዳ አለፈ፤ አየኝ። ፊቱን ወደ አህዮቹ መለሰ። ምነው በሰደበኝ።

ሃሊማ ገንፎውን በባሚያ ውኃ አቅጥና አመጣች። ጠጣሁ። ጣዕሙ የእማዬ አይደለም። ቅጥነቱ ግን ነው። ዓይኔን ጨፈንሁ። ስጨርስ ክንዴን በሁለት ጣቷ ያዘችና ከንፈሯን መጠጠች። ማን አስተማራት? እናቴን አይታት አታውቅም።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ።
ገንፎውን ጠርጌ በላሁ። አባቴ ይቅር ይበለኝ። ሃሊማ ባሞቀችው ውኃ ታጠብሁ። ትንሽ ተራመድሁ።

ኢ. መጣ። ቁጣ የለም። ከጥምቀት በኋላ ሌላ ጉዞ አለኝ፣ ብላ፣ ተኛ፣ ያኔ ና አለ። ልክ ነው። ያኔ ሥጋ ይኖረኛል። የእሷ ዓይን ግን? የማታየው ወፍራም ልጅ ይሻላታል ወይስ የምታየው ከሲታ? ቢጨልምባትም ጣቶቿ አሏት፤ ጣቶቿን አላታልልም። ማስታወሻዬ፣ ቀኑን ሙሉ ይህን ሳገላብጥ ዋልሁ።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ። ጎሕ ሲቀድ።
እሄዳለሁ። መንገዱ የሚጀምረው በዚያው ዳገት ነው። ወይ ጫፉ ላይ እገኛለሁ፣ ወይ ሃሊማ ደጅ። ለኢ. ነገርሁት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ አልከለከለኝም።

ሃሊማ ደረቅ ባሚያ ሰጠችኝ። ለእናት፣ ያን መራራ እንዲተው አለች። በኮሶው ጨርቅ ቋጠርሁት። እንደ እማዬ ቋጠሮ አላምር አለኝ። ኮሶ ጠጣህ ወይ ስትለኝ ይህን እጇ ላይ አስቀምጣለሁ። ትዳስሰው። ትጠይቀኝ። ረጅም ወሬ ነው።

ኢ. ከታች ይጣራል። ያ ጸሐፊ፣ ቁጭ ካልህ ጥለን ነው! ሾላው ጋ ስደርስ ወደ ጥላው አላይም። ክንዴን ዛሬ አልለካሁትም። እሷ ትለካው። አህዮቹ ተነሡ፣ ቀለሙን ልክደን